«አብረሽኝ እያለሽ ብቻዬን ነኝ» አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲነሳ ወደ ገላን ጉራ መጣን። እናቴ ያረፈችው እኔ 19 ዓመቴ እያለ ነው። አባት አልነበረንም። ሁለት ታናናሾች ነበሩኝ፤ ትንሹ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ንፍሮ ሳዞር፣ ሰው ሳስተናግድ ነበርኩ። ካለቀስኩ ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ። የእድር እናቶች «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የእናት ልጅ!» አሉኝ። እንደዚያ እንደሆንኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

አሁን እጮኛ አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ አይጨቃጨቅም። ግን «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ መልሴ ሁሌም «ምንም» ነው። ስንጋጭ ደግሞ ሦስት አራት ቀን ዝም ጭጭ እላለሁ። ባለፈው ከሥራ ልቀነስ እንደምችል ሰማሁና ሳልነግረው ቆየሁ፤ ከጓደኛዬ ሰማው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ «አብረሽኝ እያለሽ ብቻዬን ነኝ» አለኝ። ልነግረው ስፈልግ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ስልኬ ላይ የማየው ምክር ሁሉ «ግንቡን አፍርሺው» የሚል ነው። እንዴት ነው የሚፈርሰው? ደግሞ እውነቱን ልናገርና ይህን ባህሪዬን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም። እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?
ገ. ከገላን ጉራ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። «እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው» ያልሽው እውነት ነው፤ ማንም እንዳያስተባብልሽ። የ19 ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እናት ሆንሽ። ልጆቹ መብላት ነበረባቸው፣ መልበስ ነበረባቸው፣ ጠዋት ተነስተው ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባቸው፣ ያንን ሁሉ ደግሞ የራስሽን ሀዘን ወደ ጎን ሳታደርጊ ልትወጪው አትችይም ነበር። ሆድሽን በሆድሽ የያዝሽው ለእነሱ ብለሽ ነው። ይህ የሚታፈርበት ነገር የለውም።

ስለዚህ «አፍርሺው» በሚለው ምክር አልስማማም። ሰፈር ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ልብሽ ላይ ያንን አድርጊ የሚልሽን አትስሚ። በአንድ ማታ ሁሉን ዘርግፎ በማግስቱ ተሸማቆ ከበፊቱ የባሰ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው።

ይልቅ እወቂው። መቼ ነው የሚመጣብሽ? ማን ፊት ነው የሚብሰው? ቃሉ ጉሮሮሽ ላይ እንደሚቆም ጽፈሻል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ሲዘጋ እንኳ መዝጋቱን አያውቀውም። በሚቀጥለው ሲይዝሽ አትታገይው። «መጣ» በይው ለራስሽ። ምን ሊያድነኝ ነው የመጣው ብለሽ ጠይቂው። ከስድብ? ከመተው? «ይህችም ታለቅሳለች እንዴ» ከመባል? መልሱን ስታገኚ ነው ከራስሽ ጋር መተዋወቅ የምትጀምሪው፤ እኔ ማደግ የምለው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢልኝ። ያኔ ዝም ያልሽው ለልጆቹ ብለሽ ነበር። ትንሹ ወንድምሽ ያኔ ሰባት ዓመቱ ከነበረ ዛሬ 19 ሆኖታል፤ አንቺ እናትሽን ስትቀብሪ የነበርሽበት ዕድሜ ማለት ነው። እስኪ ዛሬ ማታ ሲገባ ተመልከቺው። ሲበላ፣ ስልኩን ሲነካካ፣ ሲስቅ። ነገ ቤቱን ተረከብ፣ ሁለት ልጅ አሳድግ፣ እንዳታለቅስም ትዪዋለሽ? አትዪውም። ምን ያህል ልጅ እንደነበርሽ እሱን አይተሽ ነው የሚገባሽ። እንዳይደነግጡ ብለሽ የተጠነቀቅሽላቸው ልጆችም አድገዋል። አንቺ ግን እስከዛሬ እዚያው ድንኳን ውስጥ እንግዳ እያስተናገድሽ ነው።

ለዚህ ነው ከእጮኛሽ በፊት ከእነሱ ጀምሪ የምልሽ። አንድ እሁድ ቡና አፍዪና «እማዬን ምኗን ታስታውሳላችሁ?» በያቸው። በቃ፣ ይህችን ብቻ። የግድ አታልቅሺ፣ እንባ ካልመጣ አይምጣ። ምናልባት እነሱም አንቺ እንዳትከፊ ብለው ስለ እሷ ማውራት ፈርተው ይሆናል፤ ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው፣ ሁሉም ለሌላው ሲል ሆድ ይፍጀው ይላል፣ የሞተችው እናት ስሟ እንኳ ሳይነሳ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ለቅሶ ማልቀስን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሰልስቱ ሲያልፍ ግን «ይብቃሽ» የሚለውም ይበዛል።

አሁን ወደ እጮኛሽ። «ብቻዬን ነኝ» ያለሽ ሊያሳቅቅሽ ብሎ አይመስለኝም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ የሚረብሽ ፊልም አዩ፣ ከዚያ ስለ ፊልሙ እንዲያወሩ ተደረገ። በአንዳንዶቹ ጥንዶች ውስጥ አንደኛዋ ስሜቷን ፊቷ ላይ እንዳታሳይ ተነግሯታል፤ ሌላዋ ይህን አታውቅም። ሲለካ የደበቀችዋ ብቻ ሳትሆን ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የምታወራት ሴት የደም ግፊትም ጨመረ። ምንም ያልተነገራት ሴት! መቀራረባቸውም ቀነሰ። እንግዲህ ይህ በአንድ ወሬ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሆነ ነው። ሊያገባሽ የሚፈልግ፣ ፊትሽን በየቀኑ የሚያይ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል ገምቺ። አንቺ እንዳይጨነቅ ብለሽ ትደብቂያለሽ፣ እሱ የማያውቀውን ነገር ይጨነቃል።

የውስጥሽን ሁሉ ንገሪው አልልሽም። መዝጋትሽን ንገሪው። እንዲህ በይው፦ «አሁን ዝግት ብያለሁ። ካንተ ጋር አይደለም ነገሩ። ነገ ማታ እነግርሃለሁ።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ናት። በአፍ ካቃተሽ በቴክስት ላኪው፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን «ነገ ማታ» ካልሽ ነገ ማታ ትንሽም ብትሆን ተናገሪ፤ ካልሆነ እሱም ማመኑን ይተዋል። ለእሱም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ቃል፦ ወንድሜ፣ ነገ ካለችህ ዛሬ አትጎትጉታት። ስትነግርህ ደግሞ መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩል፣ ስማት።

መናገሩ እስኪለመድሽ ድረስ ጻፊ። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1986 ባወጡት ሥራ ተማሪዎች ለተከታታይ አራት ቀን በቀን 15 ደቂቃ በሕይወታቸው ስለገጠማቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር። ልብ በይ ግን፣ በጻፉበት ሰዓት ስሜታቸው ይባስ ተረብሾ ነበር። ስለዚህ ጽፈሽ ስትጨርሺ ሆድሽ ቢባባ አትደንግጪ፤ ማታ ልትተኚ ስትይ ደግሞ አትጻፊ። ቤት ውስጥ ብቻሽን የምትሆኚበት ቦታ ከሌለ፣ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው ረጅም መንገድ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጠሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። ለማንም አታሳዪ። ብትፈልጊ አጥፊው።

ደግሞ ሁሉም ቦታ ክፍት ሁኚ ማለቴ አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለሽ ቁጥብነት ይኑርሽ። አዲስ ሰፈር ነው፣ ጎረቤቱን ገና እየለየሽው ነው፣ ለቡና የጠራችሽ ሁሉ የሆድሽን ልትሰማ አይገባትም። ማን ይግባ የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እስከዛሬ ግን ሳትወስኚ ነበር የሚዘጋው፣ የምትወጂው ሰው ላይ ጭምር።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ምንም ካልመሰለሽና ይህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ባለሙያ ጋ ሂጂ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ዘውዲቱም ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። አማኑኤል የሚሄደው «ያበደ» ብቻ ነው የሚለውን ወሬ እባክሽ አትስሚ፤ በዚህ ወሬ ምክንያት ብዙ ሰው መታከም እየቻለ ቤቱ ተቀምጦ ይሰቃያል። ከነፍስ አባትሽ ወይም ከምታምኚው የሃይማኖት አባት ጋር ማውራትም ጥሩ ነው፤ ሕክምናውን ግን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። የ16 ዓመት ልጄ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አያወራም። ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። ወንድ ልጅ ነህና በርታ ብዬዋለሁ። አንዳንዴም በግድ አስቀምጬ ተናገር እለዋለሁ፣ ይብሱን ይሸሻል። ምን ላድርግ?
እናት ከቡራዩ

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በመጀመሪያ «ወንድ ነህ በርታ» የሚለውን ይተዉለት። እርስዎ ያሉት በቅን ልብ ነው፤ እሱ ግን እማዬ ፊት ማዘን አይፈቀድም ብሎ ሊሰማው ይችላል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተናገር ሲባል ይጨንቀዋል። ጎን ለጎን ሲሆን ይቀለዋል፤ ገበያ ሲወጡ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አብራችሁ ሽንኩርት ስትልጡ። ያኔም ጥያቄ አያብዙ። የራስዎን ይንገሩት፦ «ዛሬ አባትህ ትዝ ብሎኝ ዋለ» ይበሉትና ዝም ይበሉ። መልስ አይጠብቁ። እሱ ፊት ቢያለቅሱም ችግር የለውም፤ አልቅሰው ሲያበቁ ተነስተው ራት ሲሠሩ ካየ፣ ማልቀስ ሰውን እንደማይሰብር ከእርስዎ ይማራል።

የተዘጋውን በር አይገንጥሉበት፣ ከሦስት ነገር በስተቀር። ትምህርቱን ካቆመ፣ ወይም ጫትና መጠጥ ከጀመረ አጎቱን ወይም የሚያከብረውን መምህር ያስገቡ። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚመስል ቃል ከወጣው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ። ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብለው ፊት ለፊት ይጠይቁት። ብዙ ወላጅ ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብሎ ይፈራል፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለዎት ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይዘውት ይሂዱ።