ስልክዎን ይክፈቱ ቢባሉ

ጥያቄ፦ እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ባለቤቴ ግሪን ካርድ አላት። ለሦስት ሳምንት ውጭ አገር ቆይተን በኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ስንመለስ ስልካችንን እንድንከፍት ብንጠየቅ ግዴታ አለብን?

መልስ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ እንደሚያስፈልገው ቢወስንም፣ እንደ ኬኔዲ ባሉ አውሮፕላን ማረፊያዎችም የሚሠሩት የድንበር መኮንኖች ያለ ማዘዣ መፈተሻቸውን ቀጥለዋል። እርስዎ ዜግነትዎ ከተረጋገጠ የይለፍ ቃል አልሰጥም በማለትዎ ብቻ እንዳይገቡ አይከለከሉም፤ ሆኖም ለሰዓታት ሊቆዩ፣ ስልክዎም ሊያዝ ይችላል። በእነዚሁ መኮንኖች መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት ስልክ የሚያዘው በአብዛኛው እስከ 5 ቀን ቢሆንም ጊዜው ሊራዘም ስለሚችል፣ መኮንኖቹ ስልኩን የተረከቡበትን ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከጠረጴዛው አይራቁ። አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ስልኩን ጨርሶ ማጥፋትም አይከፋም፤ ሲበራ ከጣት አሻራ ይልቅ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃልና።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የባለቤትዎ ጉዳይ ነው። ሦስት ሳምንት መቅረት ብቻውን ችግር አያመጣም፤ የቆየ የወንጀል ክስ ካለባቸው ግን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ነዋሪነትን በፈቃድ መተዊያ የሆነው ቅጽ አይ-407 ቢቀርብላቸው የመፈረም ግዴታ የለባቸውም፤ ጉዳያቸው በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ።