ከሥራ በኋላ ማጥናት ጀምሬ ሳምንት ሳይሞላኝ አቆማለሁ ላልከው

«ማታ አጠናለሁ» የሚለው ዕቅድህ ሰዓትም ቦታም የለውም። ስለዚህ በየምሽቱ ከራስህ ጋር እንደ አዲስ ትከራከራለህ፤ ደክሞህ ስለምትገባ ደግሞ ትሸነፋለህ። ክርክሩን ማስቀረት ነው የሚያዋጣህ።

1. ጥናቱን ሁልጊዜ ከምታደርገው ነገር ጋር እሰረው። ለምሳሌ፦ «የእራት ሳህኔን እንዳነሳሁ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን እከፍታለሁ»። ጻፈው። የምትጀምርበትን ገጽም ከዋዜማው ምልክት አድርግበት፤ «ከየት ልጀምር?» እያልክ ስታገላብጥ ነው ወኔህ የሚያልቀው።

2. ለጊዜው 15 ደቂቃ ይብቃህ። በጣም በደከመህ ቀንም የማያቅትህ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሄድክ እሰየው።

3. ስልክህ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው ሲያቆም ያየሁት አንድ ቀን ባመለጠው ማግስት ነው። «አንዴ ተበላሽቷል» ይልና እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለውንም አትመን። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ሰዎችን ሲከታተሉ በአማካይ 66 ቀን ነው ያገኙት፤ እንደየሰውም በጣም ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ብዙም እንዳላበላሸው አይተዋል። ከዘለልክ እጥፍ ላካክስ አትበል፤ በማግስቱ ያችኑ 15 ደቂቃ ሥራ።