የአሮጌ መኪና ፍሬንና ዲፈረንሻል፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

አዳማ ውስጥ አሮጌ መኪና እየጠገንኩ የቆየሁ መካኒክ ነኝ። በቅርቡ አሮጌ መኪና የገዛችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 ገዛሁ። የኋላ ቀኝ ጎማው ከውስጥ በኩል በዘይት ርሷል፤ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይጎትታል። ሸራውን ልቀይር?

መልስ፦ ሸራውን፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ ገፍቶ የሚያቆመውን የፍሬን ልባስ፣ ብቻ ከቀየሩ አዲሱም ይርሳል። ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ መሳይ ብረት) ያስወልቁና ፈሳሹን በጣትዎ ይንኩት። ቀጭንና በውሃ የሚታጠብ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ የጎማው ሲሊንደር (ሸራውን የሚገፋው) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቋል ማለት ነው። ወፍራምና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ከዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ማርሽ) የመጣ ነው፤ ፓራኦሊዮው (አክሱ ላይ ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት) ይቀየር። ከዚያ በፊት የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በአቧራ አለመደፈኑን ይዩ፤ ከተደፈነ በሙቀት የሚፈጠረው ግፊት አዲሱንም ፓራኦሊዮ ያስፈስሰዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይድንም። የግራና የቀኙን አብረው ይቀይሩ።

ይህን ደግሞ አደራ እላለሁ። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ኮሮናና ፒኞን (ተናክሰው የሚዞሩ ትልቅና ትንሽ ጥርሶች) የለውም፤ ጠመዝማዛ ብረት የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ጂ ኤል 5 የሚባለው የተለመደው የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም ነሐሱን ይበላዋል። ያለውን ዘይት ንጹሕ ሳህን ላይ ያፍስሱት፤ ማግኔት የማይስበው ወርቃማ ብናኝ ከበዛበት ጥርሱ እየተበላ ነው። ሲገዙም ለነሐስ የሚስማማ ዘይት ይጠይቁ፤ የዚህ መኪና ጥርስ ከተበላ ምትክ ማግኘት መከራ ነው።

ጥያቄ፦ ላዳዬ ከኋላ ይጮኻል። ዲፈረንሻሉን ላስፈታው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የዘይቱን መጠን ይዩ። ነዳጅ ሲሰጡ የሚጮኽና ሲለቁ ዝም የሚል ከሆነ የኮሮናና የፒኞን ግጥሚያ ነው። ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታ (ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። ሲነሳ አንዴ ብቻ የሚመታ ከሆነ ግን ክሮቼራውን (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ይመርምሩ፤ በዚህ ምክንያት ደህና ዲፈረንሻል ሲፈታ አይቻለሁና።

ጥያቄ፦ መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘይት ግን አይፈስም።

መልስ፦ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ጎሚኒ ከውስጥ እያሳለፈ ነው። እስኪጠገን አይንዱት።

ጥያቄ፦ ከአሰላ ወደ አዳማ ስወርድ ፍሬኑ ጠፋ፤ ቆሜ ካበረድኩት በኋላ ተመለሰ።

መልስ፦ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘው ወርደውታል። ፔዳሉ ልል ሆኖ ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል፤ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ሸራው ነው የጋለው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፦ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ጎሚኒውን በቤንዚን ብናጥበውስ?

መልስ፦ በጭራሽ! ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፍሬኑን እንደያዘ ያስቀረዋል። በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይጠቡት።