ስብሰባው ተሰርዟል ወይስ ተላልፏል? የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ በሥራ ቦታ

እህቴ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ስብሰባውም ኢሜይሉም በእንግሊዝኛ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። አለቃሽ ስብሰባውን «ኮል ኦፍ» እንዳደረጉት ሲነግሩሽ ለሌላ ቀን የተላለፈ መስሎሽ አዲሱን ቀን ስትጠብቂ ቆየሽ። አሁን ከኢንተርኔት የፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም እንደ «ኮል ኦፍ» ግሥና ትንሽ ቃል ተጣምረው አንድ ትርጉም የሚሰጡ አባባሎች፣ ረጅም ዝርዝር አውርደሽ ትሸመድጃለሽ፤ ጠዋት ያጠናሽው ግን ማታ የለም።

ዝርዝሩን ተይው። በ«ቴክ» የሚጀምሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ከደረደርሻቸው እርስ በርስ መምታታታቸው አይቀርም። ቃላቱን ነጣጥሎ መተርጎምም አያዋጣም፤ እኛ «ዝም አለ» ስንል «አለ» ንግግርን እንደማያመለክት ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሙሉውን እንደ አንድ ግሥ ነው የሚይዙት። ይልቅ የደረሱሽን ኢሜይሎች መልሰሽ አንብቢና የሚደጋገሙትን ከነዓረፍተ ነገራቸው ልቀሚ። ከምትፈሪው ያነሱ ናቸው።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው፣ በትክክል ካልገቡሽ ሥራ የሚያበላሹት ናቸው። «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው፤ «ኮል ኦፍ» ጭራሹን መሰረዝ። «ቴክ ኦን» አዲስ ሥራ ወይም ኃላፊነት መቀበል፣ «ቴክ ኦቨር» ሌላ ሰው የያዘውን መረከብ፣ «ተርን ዳውን» አልቀበልም ማለት። «ሌይ ኦፍ» ደግሞ ድርጅቱ ሥራ ሲቀንስበት ሠራተኛ ማሰናበቱ ነው፤ በጥፋት ከመባረር ይለያል። ይህን የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ብታደባልቂው በራስሽ ላይ ያልነበረ ጥፋት ትጭኛለሽ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ኢት» የምትባለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። ቅጽ ስለመሙላት «ፊል ኢት አውት» እንላለን፤ «ፊል አውት ኢት» ስህተት ነው። ጉዳይን ስለመመርመር ግን «ሉክ ኢንቱ ኢት» ነው፤ እዚህ «ኢት» መሃል አትገባም። የትኛው በ«ኢት» ለሁለት እንደሚከፈል የትኛው እንደማይከፈል ለመገመት አትድከሚ። ማስታወሻሽ ላይ ስትጽፊ ከነ«ኢት»ዋ ጻፊው፣ ጆሮሽ ራሱ ይለምደዋል።

ሌላው ደግሞ፣ መረዳትና መጠቀም አንድ አይደሉም። ሌሎች ሲሉት መረዳት ግዴታሽ ነው፤ አንቺ ግን በ«ፑት ኦፍ»፣ በ«ኮል ኦፍ» እና በ«ሉክ ኢንቱ» ፈንታ «ፖስትፖን»፣ «ካንስል»፣ «ኢንቬስቲጌት» ብትይ ማንም አይታዘብሽም። በሲቪና በመደበኛ ሪፖርት ላይ እንዲያውም እነዚህ ይመረጣሉ፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ባልደረባም ይቀሉታል። በየቀኑ ከሚሰሙት እንደ «ፎሎው አፕ» (ጉዳይን መከታተል) እና «ሴት አፕ» (ማዘጋጀት) ካሉት ግን ማምለጫ የለም፤ እነሱን በአፍሽም ልመጃቸው።

ስብሰባ ላይ ያልገባሽ ካለ ትርጉሙን ሳይሆን ውሳኔውን ጠይቂ፦ «ቀኑ ተቀየረ ወይስ ቀረ?» እንዲህ ሲጠየቅ የቋንቋ ጥያቄ አይመስልም። ዕድሉ ካለፈሽም፣ የተረዳሽውን በሁለት መስመር ኢሜይል ለአለቃሽ ላኪና ያረጋግጡልሽ።