ሐዘኑን በስድስት ቀለም

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ግጥም እጽፋለሁ። ጠዋት ሳነበው ግን ጩኸት ብቻ ይሆንብኛል። ቤት ለማስመታት ስል የጨመርኩት ደግሞ ውሸት ይመስለኛል። ምጣኔውንም ቤቱንም ትቼ እንደ መጣልኝ ብጽፍ አይሻልም ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ጩኸቱን አትጣይው፤ ግጥሙ ግን የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። «ልቤ ተሰበረ»፣ «ዓለም ጨለመችብኝ» የሚሉት ስንኞች ጠዋት ላይ የሚቀዘቅዙት ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ የማንኛውም ሐዘንተኛ ስለሆኑ ነው። ወንድምሽ በውስጣቸው የለም። በር ሲያንኳኳ እንዴት ነበር? ሲናደድ ዝም ይል ነበር ወይስ ይፈጥን ነበር? እሱን ጻፊ። ለምን ሞተ ለሚለው ግጥም መልስ የለውም፤ መልስ ከሰጠሽም ተጠራጠሪው።

ምጣኔውን ለጊዜው አትተዪው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የቃል ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይቆማል። ጠባብ ነው፤ የምወደውም ለዚሁ ነው። ሰባተኛው ቀለም ሲተርፍሽ አንድ ቃል መጣል ግድ ይሆናል፣ የትኛው ይጣል ብለሽ ስታመዛዝኚ ደግሞ የትኛው የእውነት እንደሆነ ትለያለሽ። ሌሊቱን ሙሉ መልክ አልይዝ ያለሽ ነገር የሚረጋው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቤቱ ያልሽው ልክ ነው፤ ውሸት የሚገባው በዚያ በር ነው። አንዱን ስንኝ «ቀረ» ብለሽ ዘግተሽ፣ ለቀጣዩ «ሰው ሁሉ አፈረ» ብትዪ፣ ማን አፈረ? ማንም። ብዙ ጀማሪዎች ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ ሲያሻሽሉ ይደክማሉ። አንቺ ወደ መጀመሪያው ተመለሺና «ቀረ»ን ለውጪው። ቤት የማይመታ ግጥምም አከብራለሁ፣ ግን ለእሱ የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል።

ሩሲያዊቷ ገጣሚ አና አኽማቶቫ እ.ኤ.አ. በ1938 ልጇ ሲታሰር በሌኒንግራድ እስር ቤት ደጅ ወራት ተሰልፋለች። ስለዚያ የጻፈችውን ለታመኑ ወዳጆቿ አስነብባ ወረቀቱን ታቃጥለው ነበር፤ ግጥሙ በቃላቸው ተይዞ ቆየ። ምጣኔና ቤት ያለው ስንኝ በቃል ለመያዝ ይቀላል። ያንቺም ወንድም በቃል የሚያዝ ስንኝ ይገባዋል።

ዛሬ የጻፍሽውን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ነገ ሥራሽን ከዚያ ጀምሪ።