አሮማቲክ ኪቶን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቀለበት ያለው ኪቶን ሁሉ አሮማቲክ ኪቶን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኪቶን ማለት ከኦክስጅን ጋር በድርብ የታሰረ ካርቦን (ካርቦኒል) በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለው ውሕድ ነው። ሳይክሎሄክሳኖንም ቀለበት አለው፤ ግን አሮማቲክ አይደለም። መለያው የካርቦኒሉ ካርቦን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በድርብ የታሰረው፣ በቀጥታ ከቤንዚን ቀለበት ጋር መያያዙ ነው (ኤሌክትሮኖችን በጋራ የሚይዝ የስድስት ካርቦን ቀለበት፤ የመኪናው ቤንዚን አይደለም!)። በአንድ ወገን ቀለበት፣ በሌላው ሜቲል (CH₃) ከሆነ አሴቶፌኖን ነው፤ በሁለቱም ወገን ቀለበት ከሆነ ቤንዞፌኖን። በኢንፍራሬድ መለኪያ ስታዩት ቀለበት የሌለው የአሴቶን ካርቦኒል 1715 cm⁻¹ አካባቢ ሲወጣ የአሴቶፌኖን ወደ 1685 cm⁻¹ ይወርዳል፤ ቀለበቱ ኤሌክትሮን ስለሚያካፍለው ድርብ ትስስሩ ይላላል።

ጥያቄ፦ በፍሪደል-ክራፍትስ ዘዴ፣ ማለትም ቤንዚን ላይ አሴቲል (CH₃CO) ከአሴቲል ክሎራይድ ወስዶ በመትከል፣ አሴቶፌኖን ልሠራ ስል፣ አሉሚኒየም ክሎራይድ ካታሊስት (አፋጣኝ) ነው ተብሎ የአሴቲል ክሎራይዱን ሞል 0.1 እጅ ብቻ ጨመርኩ። ምርቱ ከምንም አይቆጠርም። ለምን?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፣ ወንድሜ። የተፈጠረው ኪቶን በኦክስጅኑ አሉሚኒየሙን ጨብጦ አይለቅም፤ ካታሊስቱ በራሱ ምርት ይታሰራል። ስለዚህ ለ0.1 ሞል አሴቲል ክሎራይድ (7.85 ግራም) 0.11 ሞል፣ ማለትም 14.7 ግራም አሉሚኒየም ክሎራይድ ያስፈልግሃል። በአሴቲክ አንሃይድራይድ የምትሠራ ከሆነ ከ2 እጅ በላይ። ዕቃው ደረቅ ይሁን፤ ዱቄቱ እርጥበት ከነካው ይጨሳል፣ ይሞታል። አሴቲል ክሎራይዱን በበረዶ እያቀዘቀዝክ ጠብ ጠብ አድርግ፤ የሚወጣውን የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ምራው፤ ቱቦው ግን ውሃው ውስጥ አይጥለቅ፣ ወደ ኋላ ይስባል። ቤንዚን ካንሰር ያመጣልና ያለ ጭስ መሳቢያ ሳጥን አይሞከርም።

ጥያቄ፦ የፍሪደል-ክራፍትሱን ድብልቅ በመጨረሻ በረዶ ላይ ስደፋው ነጭ ሙጫ መሰለና ሁለቱ ፈሳሾች አልለያይ አሉኝ።

መልስ፦ አሲድ አንሶሽ ነው፣ እኅቴ፤ ሙጫው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከላይ ለተባለው የ0.1 ሞል ሥራ 60 ግራም በረዶና 30 ሚሊ ሊትር ጥቅጥቅ ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀድመሽ አዘጋጂ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ድፊ። አሁን የያዝሽውን 10% አሲድ እየጨመርሽ አጥሪው፤ በኃይል አትናጪው። ቀጥሎ በቢካርቦኔት ውሃ እጠቢ፤ ጋዝ ስለሚፈጠር የመለያ ፈነሉን ቶሎ ቶሎ አስተንፍሺ። አሴቶፌኖን በ202 ዲግሪ ይፈላልና በመጨረሻ አፍልተሽ ተኑን በማቀዝቀዝ ስታጠሪው ውሃ የሚያልፍበትን ማቀዝቀዣ ተዪው፤ ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የአየሩ ይበቃል። በ20 ዲግሪ ስለሚረጋ በአዲስ አበባ ጠዋት ጠርሙስ ውስጥ ጠጥሮ ብታገኚው አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ አሴቶፌኖንን ከቤንዞፌኖን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ በአዮዶፎርም ሙከራ። ጥቂት ጠብታ በዳዮክሳን አሟሙ፣ 10% ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ፣ የአዮዲን መፍትሔ ቡናማው እስኪቆይ ድረስ ጠብ አድርጉ፣ በ60 ዲግሪ ለሁለት ደቂቃ አሙቁ። ቢጫ ዝቃጭ ከወረደ ሜቲል አለው፣ አሴቶፌኖን ነው።

ጥያቄ፦ ጥቅሙስ?

መልስ፦ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የሚጀምረው አይሶቡቲልቤንዚን ላይ አሴቲል በመትከል ነው፤ ሌላው ማስታገሻ ኬቶፕሮፌን ደግሞ ራሱ ቤንዞፌኖን ተሸክሟል። ቤንዞፌኖን በአልትራቫዮሌት የሚደርቅ የኅትመት ቀለምን ያስጀምራል። የፀሐይ ክሬም ላይ ያለው ኦክሲቤንዞንም ዘመዱ ነው፤ ሃዋይ ለኮራል ስትል ከ2021 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን የቤንዞፌኖን ውበት ሌላ ነው፦ ከሶዲየም ጋር ቴትራሃይድሮፍዩራን በሚባል አሟሚ ውስጥ ሲገባ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ካልጠፋ አሟሚው ደርቋል፣ ኦክስጅንም የለበትም።

ጥያቄ፦ አሴቶፌኖን ላይ ናይትሮ ብጨምር የት ይገባል?

መልስ፦ በዋናነት ሜታ፣ ማለትም ካርቦኒሉን ከያዘው የቀለበት ካርቦን አንድ ካርቦን ዘልሎ።