ብረት ማንሳት ልጄን ያሳጥረዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ እግር ኳስ በክንፍ ይጫወታል። አሁን ውድድሩ አልቆ ሁለት ወር እረፍት ላይ ናቸው። እሱ ግን «ጂም ካልገባሁ» እያለ ያስጨንቀኛል፤ ትልልቆቹ ተከላካዮች ዓመቱን ሙሉ እየገፉ ሲጥሉት ነበር። አባቱ ደግሞ «ብረት ካነሳ ቁመቱ እዚያው ይቀራል» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ በቁመቱ አባትየው አይስጉ። ብረት ያሳጥራል የሚለው የቆየ ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም። የልጆች አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ለጉዳት የተጋለጠ መሆኑ እውነት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከአቅሙ በላይ ሲያነሳ፣ አቋሙ ሲበላሽ፣ ወይም የሚያየው ሰው በሌለበት ከጓደኞቹ ጋር «እስቲ ማን ይበልጣል» ሲባባል ነው።

ጂሙ ይቆየው። መጀመሪያ በአንድ እግሩ ቆሞ ቀስ እያለ ዝቅ ይበልልዎት፣ እርስዎ ከፊት ለፊቱ ሆነው ጉልበቱን ይዩ። ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ተረከዙ ከተነሳ ለብረት ገና ነው። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ፑሽ አፕና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ለጊዜው ይበቁታል። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፈ። ስኳትና ፑሽ አፑን ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ይሥራ፤ የመጨረሻዎቹን እየተጣመመ የሚጨርሳቸው ከሆነ ይቀንስ።

የክንፍ ተጫዋች ስለሆነ ግን አንዱን እንዳይዘለው፤ ሯጭ ተጫዋቾችን በተደጋጋሚ የሚያስቀምጣቸው የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት ነው። ይንበረከክና አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን መሬት ላይ አጥብቆ ይያዝለት፣ ከዚያ ወገቡን ሳያጥፍ በተቻለው መጠን በዝግታ ወደ ፊት ይውረድ፣ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበል። ኖርዲክ ይሉታል። በትክክል የሠሩት ቡድኖች ላይ ይህ ጉዳት በግማሽ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይጀምር፣ ምክንያቱም ካበዛው በማግስቱ ታፋው ይታመማል፣ እሱ ደግሞ ተጎዳሁ ብሎ ይተወዋል።

አስቀድመው ይንገሩት፦ በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ቶሎ አያብጥም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚመጣው ነርቮቹ ያለውን ጡንቻ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው፣ መስታወት ፊት ቆሞ የሚያየው ነገር የለም። መገፋቱም ቢሆን ግማሹ የጉርምስና ጉዳይ ነው፤ ያ ተከላካይ ቀድሞት ጎርምሶ ይሆናል።

ቁመቱ በሚወረወርበት ሰሞን ከጉልበቱ በታች ያለችው የአጥንት ጉብታ ወይም ተረከዙ ካመመው ሩጫና ዝላዩን ይቀንስ፤ ካነከሰ ሐኪም ይየው። እንቅልፉ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሁን፣ ስልኩን እንዴት እንደሚቀሙት እርስዎ ያውቃሉ!

ልምምድ ሲጀመር ደግሞ አሰልጣኙን «ፊፋ 11+ን ታሠራቸዋለህ?» ብለው ይጠይቁልኝ። ከ14 ዓመት በላይ ላሉ የተዘጋጀ የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው፣ ኖርዲኩም እዚያው ውስጥ አለ።